ሆዳሟ ልጅ

«ያቺ ናት ሆዳሟ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ባለ ሁለት ጉንጉኗ።»

ቃሉ የመጣው ከቺጉሳ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን የሚጋብዝበት ቀን። የአራተኛ ክፍል እናቶች ክፍሉ አልበቃ ብሏቸው በኮሪደሩ መስኮት ላይ ተደርድረዋል፤ ልጆቻቸው የሚኖሩበትን የጃፓን አውራጃ፣ የኦካያማን ወንዞች በካርታ ላይ በዘንግ እያሳዩ ስማቸውን ይጠራሉ። ቺጉሳ ወሬ ጆሮዋ ሲገባ የምትጠላ ሴት አይደለችም። እንዲያውም ፈገግ ብላ እሷም በዓይኗ ሆዳሟን ልጅ ፍለጋ ጀመረች። ሦስተኛው ረድፍ። ባለ ሁለት ጉንጉን። ጉንጉኑን ዛሬ ጠዋት የሠራችው ራሷ ቺጉሳ ነበረች፤ ልጅቷም የገዛ ልጇ ናዙና። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ከጀርባዋ ያለችው ሴት ከራሷ ልጅ የሰማችውን ለጓደኛዋ ቀጠለችላት። በዕለቱ ያልመጣ ልጅ የምሳ ማጣጣሚያ ጄሊ ተርፎ፣ ልጆቹ ዕጣ ሊጣጣሉ ሲሰበሰቡ ያቺ ልጅ ብድግ ብላ ወስዳ ባንድ ጊዜ ዋጠችው አሉ። ጓደኛዋ ምናልባት ቤታቸው አይበላ ይሆናል አለች። የመጀመሪያዋ ግን ልጅቷ ንጹሕ ለብሳ እንደምትመጣ፣ ነገሩ ችግር ሳይሆን ዓመል እንደሆነ አስረዳቻት። ቺጉሳ ዘወር አላለችም። ዘወር ካለች ጎንበስ ብላ እጅ መንሣት ሊኖርባት ነው፤ እሷ ጎንበስ ካለች እነሱም ጎንበስ ይላሉ፤ ሦስቱም ይቅርታ ሲባባሉ ኮሪደሩ ይሞላና ያልሰማው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ግራጫ ኮቷን ወደ ታች እየጎተተች፣ ልጇ የአንዱን ወንዝ ስም አሳስታ ስትጠራ እየሰማች፣ ደወሉ እስኪደወል ሳትንቀሳቀስ ቆመች።

ከደወሉ በኋላ የክፍሉ መምህርት ኢሶጋይ አንድ ደቂቃ እንድትፈቅድላት ጠይቃ ከደረጃው ሥር፣ ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ወደ ተሰቀለበት ጥግ ወሰደቻት። ወጣት ናት፤ ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የምትናገረውን ሁሉ በትሕትና ስለምትጠቀልለው፣ ለሰማት ሰው የራሷን ጥፋት የምትናዘዝ ትመስላለች። ናዙና ጥሩ ልጅ ናት፣ ለጓደኞቿ ታዝናለች፣ ሥዕሏም ያምራል አለች። ምሳ ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ገና ወተታቸውን ሳይከፍቱ እሷ ጨርሳለች። ስትበላ ግራ ክንዷን እንደ አጥር በሣህኗ ዙሪያ ታደርጋለች። ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ሻጋታ ያወጣ ዳቦ ተገኝቷል፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ይህን ሁሉ ተናግራ ሌላ ነገር እንደቀራት ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ ማክሰኞ ዕለት የዶሮ ሥጋ ናዙናን አንቋት እንደነበር፣ ፊቷ ሲለዋወጥ ጀርባዋን መትታ እንዳወጣችላት፣ ወዲያው ደህና ስለሆነች ቤት ሳትደውል መቅረቷን ነግራት እስከ ጉልበቷ ድረስ ጎንበስ አለች።

«ቤት ውስጥ…» አለች ቀና ስትል፣ «ማለቴ ቁርስ ላይ ወይም እራት ላይ… በቂ ጊዜ ታገኛለች?»

ጊዜ አለች እንጂ ምግብ አላለችም። ቺጉሳ ግን የሚባለው ምን እንደሆነ ገባት፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። እንደምትከታተላት ነገረቻት፣ አመሰገነቻት፣ እሷም በተራዋ ጎንበስ አለች። ከሕፃን ጉሮሮ ሥጋ ያወጣችውን ሴት በደንብ ማመስገኗን እንኳ በኋላ እርግጠኛ አልነበረችም።

በቦዩ ዳር ወደ ቤት ሲሄዱ ናዙና ከፊት ከፊት ትዘላለች። የሰኔ ሰማይ ዝናቡን ቋጥሮ ይዟል፤ ሙቀቱ ልብስ ላይ ይለጠፋል። ቺጉሳ ቁጣዋን እንደ ጃንጥላ አዘጋጅታ ይዛለች፤ መክፈቻው ብቻ ነው የጠፋት። በመጨረሻ ስለ ጄሊው ጠየቀቻት፤ ለምንድን ነው ዕጣ ሳትጠብቅ የወሰደችው? ናዙና ሳትቆም፣ ዕጣው ቀርፋፋ ነው፣ እስኪወጣ ያልቃል አለች።

«ማን ይጨርሰዋል?»

ልጅቷ ያኔ ቆመች። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ የጠየቃትን ትልቅ ሰው እንደምታይ አድርጋ እናቷን አየቻት። መልሳ መዝለሏን ቀጠለች። ቺጉሳም ሁለተኛ አልጠየቀችም። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ሁለቱም ሳይናገሩት ሦስተኛ ፎቅ ወጡ።

ኩሽናቸው ጠባብ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ለመክፈት መጀመሪያ ወንበር መግፋት ያስፈልጋል። ቺጉሳ ወንበሩን ገፋች። ከሰዓት በኋላ በባሏ እናት ቤት የባሏ አባት ሙት ዓመት ስለሚታሰብ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ኢናሪ ስትሠራ ነበር፤ ከአኩሪ አተር የሚሠሩትን የቶፉ ከረጢቶች በጣፋጭ መረቅ ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ ጨምቃ፣ ኮምጣጤና ሰሊጥ የነካ ሩዝ እየጠቀጠቀች በባለ ሦስት ደርብ ሣጥን ደርድራው ወጥታለች። አሁን በጨርቅ ልትቋጥረው ክዳኑን አነሣች። የላይኛው ደርብ ባዶ ነው። መካከለኛውም ባዶ ነው። ከታችኛው ደርብ ግድግዳ ጥግ አንድ ረድፍ ብቻ ተቀምጧል። ማጠቢያው ላይ የባሏ ሣህንና ቾፕስቲክ ታጥበው፣ ተወልውለው ተደፍተዋል። ኩኒሂኮ የበላበትን ሁልጊዜ ያጥባል። ይህን የሰማች ሴት ሁሉ «ታድለሽ» ትላታለች።

ደወለችለት። ኩኒሂኮ የአየር ማቀዝቀዣ ገጣሚ ነው፤ በዚህ ወቅት ቅዳሜም ግማሽ ቀን ይሠራል። ከአንድ ሰው ሰገነት ላይ ሆኖ፣ ከኋላው መሰርሰሪያ እየጮኸ፣ ደስ ባለው ድምፅ አነሣ።

«ቺጉሳ፣ የዛሬው ደግሞ እንዴት ይጣፍጣል! ልነግርሽ አስቤ ነበር።»

ለእናትህ ቤት ነው ብዬህ አልነበረም ወይ አለችው። አውቃለሁ አለ፤ ለዚያ ብሎ አይደል የታችኛውን የተወላቸው። «ትቼላችኋለሁ» ነው ያለው፤ እንደ ስጦታ። ካነሰም ሲመጣ ከሱቅ ይገዛል፣ እሷ አታስብ። መሰርሰሪያው ሲያቆም እሱም በደስታ ተሰናብቶ ዘጋው።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር፤ ከትሪው የሚደርሳት ሲጠፋ ለየብቻ በሣህን ማቅረብ ጀመረች። ያኔ ደግሞ «ይሄን አትበዪውም?» ማለት መጣ፤ ጥያቄው ሳያልቅ ቾፕስቲኩ ይደርሳል። ቁጣ ሞከረች፤ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከልቡ ነው፣ በማግስቱ ይረሳል። መደበቅ ሞከረች፤ በሩዝ ከረጢት ውስጥ፣ በክረምት ብርድ ልብስ ሣጥን ውስጥ። አንድ ጊዜ ለልጇ የገዛችውን አይብ በልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ሸሸገችው። ማታ ኩኒሂኮ በርኅራኄ ዓይን አይቷት፣ ደክሟት መሆን አለበት፣ አይቡን ከልብስ ጋር ረስታው ነበር፣ እንዳይበላሽ ብሎ በላው አላት። ሰው በዚህ ሰው እንዴት ይጣላል? ሆዳም ፍቅር አያውቅም ይባላል፤ ኩኒሂኮ ግን ያውቃል። ባለፈው ክረምት ናዙና ስታተኩስ በጀርባው አዝሏት በበረዶ ውስጥ እስከ ሐኪም ቤት ድረስ የሮጠ እሱ ነው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ቺጉሳ ለልጅቷ ልጣ የከተፈችውን ፖም፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እጇን እየዳበሰ የጨረሰውም እሱ ነው።

ደግሞስ ለማን ይነገራል? በምትሠራበት የመነጽር ሱቅ አብራት የምትሠራ ሴት አለች፤ አንድ ቀን ልትነግራት ጀምራ ነበር። ሴትየዋ አላስጨረሰቻትም። አይጠጣም፣ አይማታም፣ ደመወዙን ያስረክባል፣ እና በላ ብለሽ ነው? የእኔው እኮ ሳምንት ሙሉ አያናግረኝም አለቻት። ሰው የሚከሰሰው በትልቅ ነገር ነው። «ባሌ ዕንቁላሌን በላብኝ» ያለች ሴት፣ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ እሷው ታንሳለች።

ቺጉሳ ባዶውን ደርብ ይዛ ይህን ስታብሰለስል፣ ናዙና በጎኗ ሾልካ ከቀረው ረድፍ አንዱን አነሣችና ቆማ ባንድ ጉርሻ ዋጠችው። ሁለተኛውን ያዘች። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። አባቷ ሥራ ላይ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ቺጉሳ ይህን የልጅ ችኮላ ነው፣ ስታድግ ይተዋታል እያለች ስንት ጊዜ አይታ እንዳለፈችው ማሰብ አልፈለገችም።

የእማማ ሱሚዬ ቤት ከትራም መስመሩ በስተምሥራቅ፣ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ተጠጋግተው ከቆሙበት ሠፈር ነው። ወለሉ ሰሌን፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፤ ከሟቹ ፎቶ ፊት ትንሽ የሩዝ ስኒ ተቀምጧል። እማማ ሱሚዬ ጥቁር ለብሰው በሩ ላይ ተቀበሏቸው። ቺጉሳ የያዘችውን ትንሽ ቋጠሮ በአንድ እጃቸው መዘን አድርገው ወሰዱት። የኩኒሂኮ ታላቅ እህት ቶሞዮ ቀድማ መጥታ ሻይ ታቀርባለች። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ኩራሺኪ ከተማ ፋርማሲስት ናት። ቀጭን ናት፤ ንግግሯም እንደዚያው። ቺጉሳ ባወቀቻት ዓመታት ሁሉ በዚህ ቤት ገበታ ላይ የምትቀመጠው ከኩሽናው በር አጠገብ፣ ከመጨረሻው ቦታ ላይ ነው፤ የምትበላውም ነጭ ሩዝና ኮምጣጤ የገባ አትክልት ብቻ። ስትጠየቅ «አልራበኝም» ትላለች።

የቡድሃ መነኩሴው ጸሎቱን ሊጀምር ሲል ኩኒሂኮ አልቦት ደረሰ፤ መተላለፊያው ላይ የሥራ ልብሱን አውልቆ ጥቁር ክራቫት እያሰረ ገባ። በእጁ የሱቅ ከረጢት አለ። ለቺጉሳ በሹክሹክታ፣ እንደ ጀግና፣ «ይኸው ተካሁት» አላት። ሁለት እሽግ ኢናሪ ነው፤ የትናንት ማታ የዋጋ ቅናሽ ተለጥፎበታል። አንደኛው እሽግ ተከፍቷል።

ጸሎቱ አልቆ መነኩሴው ሻዩን ጠጥቶ ሲሄድ ገበታው ቀረበ። እማማ ሱሚዬ ከሠፈሩ ሱሺ ቤት ጥሩውን አዘዋል፤ የተጠበሰ ትልልቅ ሽሪምፕና ተጠቅልሎ የተጠበሰ ዕንቁላልም አለ። ለየሰው በሣህን አደሉና፣ ራሳቸው አንድም ሳይቀምሱ፣ ከገዛ ሣህናቸው ጮማውን የቱና ዓሣ አንሥተው የልጃቸው ሣህን ላይ አስቀመጡት። ይህን ሲያደርጉ እጃቸውን አያዩም፤ ሰው ጸጉሩን ወደ ኋላ እንደሚያደርግ ነው። ስለ ሙቀቱ ተወራ፤ የሩዝ ዋጋ ስለ መናሩ፤ ሟቹን ዝናብ ሲመጣ ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸው እንደ ነበር። ኩኒሂኮ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይበላል። የራሱን ሣህን ከሌላው ሰው ሣህን የሚለይ መስመር በዓይኑ የለም፤ እጁ መንገድ ላይ ያገኘውን ያነሣል። ቶሞዮ ከሩዟ ቀና አትልም። ቺጉሳ ልጇን ታያለች። ናዙና ግራ ክንዷን በሣህኑ ዙሪያ አጥራ፣ አንዱን ሳትውጥ ሌላውን እየጨመረች፣ ጉንጮቿ ተወጥረው፣ ዓይኖቿ በአባቷ እጅ ላይ ናቸው።

«ኧረ ቀስ በይ!» አሉ እማማ ሱሚዬ እየሳቁ። «ሴት ልጅ እንዲህ ስትስገበገብ ማን ያገባታል? ሆዳም ሆነሻል አንቺ። ማንን መስለሽ ነው?»

«እኔን ነዋ!» አለ ኩኒሂኮ አፉ እንደ ሞላ። እሱም ሳቀ፤ እየሳቀም ከልጁ ሣህን ጥቅሉን ዕንቁላል አነሣ።

ቺጉሳ ቾፕስቲኳን አስቀመጠች። 

«እማማ፣ ልጄ ሆዳም አይደለችም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ራሷንም ገረማት። «ዛሬ ይህን ቃል ስሰማ ሁለተኛዬ ነው። የምትፈጥነው ካልፈጠነች ስለማይደርሳት ነው። ማክሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ሥጋ አንቋት ነበር። መምህሯ ጀርባዋን መትታ ነው ያወጣችላት።»

 ኩኒሂኮ ማኘኩን አቆመ። እማማ ሱሚዬ ምራታቸውን አዲስ ሰው እንደሚያዩ አዩ። ልጃቸው በነሐሴ ሐሩር ጣሪያ ላይ እየወጣ የሚሠራ ሰው መሆኑን፣ ልጁን ያስርባል ማለቷ ከሆነ ከሟቹ ፎቶ ፊት ልታፍር እንደሚገባት በዝግታ፣ በጨዋነት ነገሯት። ከዚያ ጨዋነቱ አለቀባቸው።

«ለምግብ ብለሽ? በቁራሽ ዕንቁላል ተጣልተሽ? ባሏ የጎረሰውን የምትቆጥር ሴት አላየሁም። ሆዳም የምትፈልጊ ከሆነ፣ የምትቆጥረዋ ናት ሆዳም።»

ቃሉ የሚያርፍበትን ያውቅ ነበር። ቺጉሳ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሷ ያለችው ይህንኑ ነው፤ ሌሊት ማቀዝቀዣውን ከፍታ ባዶ ሣህን ስታገኝ፣ «ለዚህ ብለሽ ታለቅሻለሽ?» እያለች። ይቅርታ ልትል ወገቧ መጉበጥ ጀምሮ ነበር።

«እናቴ።»

ቶሞዮ ናት። የሩዝ ስኒዋን በሁለት እጇ እንደ ያዘች፣ ማንንም ሳታይ ነው የተናገረችው።

«ለትምህርት ከዚህ ቤት ስወጣ አልቅሰሽ ነበር። ለትምህርት አልነበረም የሄድኩት። ቁርሴን ተቀምጬ መብላት አምሮኝ ነው።»

 እማማ ሱሚዬ ሲናገሩ ለማንም ሳይሆን ለገበታው ነበር። ኩኒሂኮ ያለ ወሩ ነው የተወለደው፤ የድመት ግልገል ያክል ነበር። በመስታወት ሣጥን ውስጥ አድርገው፣ አይውጥም፣ ተስፋ አታድርጊ አሏቸው። ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ጉሮሮውን ያዩ ነበር፤ እሱ ሲውጥ እሳቸው ይተነፍሳሉ። «በቃህ የሚለው ቃል ከአፌ እንዴት ይውጣ?» አሉ። ወደ ቶሞዮም ዞረው፣ አንቺ ጤነኛ ነበርሽ፣ ሳላይሽም ታድጊ ነበር አሉ። ይህን እንደ ማጽናኛ ነው ያሉት። ቶሞዮ ሻይ ልታመጣ ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች።

የኩኒሂኮ ፊት ቀልቶ ነበር። ቾፕስቲኩን አስቀምጦ ወደ ልጁ ዞረ።

«ናዙና፣ እኔን ትፈሪኛለሽ?»

ልጅቷ በአፏ ያለውን ዋጠች። አሰበች፤ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነው ያሰበችው።

«አልፈራህም» አለች። «ስንበላ ብቻ ነው።»

ያ ትልቅ ሰው እጆቹን ሰሌኑ ላይ አድርጎ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጁ፣ ግንባሩ ወለል እስኪነካ ጎነበሰ። ይቅርታ፣ ይቅርታ አለ። ሲነሣ ፊቱ በእንባ ርሷል። ውሸት አልነበረም። ቺጉሳ ይህን ሰው ታውቀዋለች፣ ውሸት አይችልም። እማማ ሱሚዬ በመሐረብ ዓይናቸውን ያዙ። ናዙና ግራ ገብቷት የአባቷን ራስ በመዳፏ ነካ ነካ አደረገችው። ቺጉሳም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምናልባት ይህ ነበር የጎደለው ብላ አሰበች፤ ምናልባት አንድ ሰው ከእሷ ውጭ ሊነግረው ይገባ ነበር።  ቶሞዮ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ተመለሰችና መቅዳት ጀመረች።  ሁሉም የራሱን እጅ ያያል።

ኩኒሂኮ በግራ እጁ ዓይኑን ይጠርጋል። ቀኝ እጁ ቾፕስቲኩን አነሣ። ገበታውን ተሻገረ፣ የቺጉሳ ሣህን ላይ ደረሰ፣ ሳትነካው የቆየችውን ሽሪምፕ ይዞ ተመለሰ። አፉ ተከፈተ። ጥርሱ ቅርፊቱን ሲሰብር ተሰማ።

ቶሞዮ መቅዳቷን አቆመች። እሱ አንድ ሁለቴ አኘከ፤ ከዚያ ፊቶቹን አየ፤ ዓይኖቻቸውን ተከትሎ ባዶውን ቦታ አየ። መንጋጋው ቆመ። መዋጥም መትፋትም አቃተው።

«መቼ ነው ያነሣሁት?» አለ።

የምሩን ነበር የጠየቀው። ቺጉሳን ያዛላትም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ትጣላው ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ጠብ መግቢያም መውጫም አለው። ይህን ደግ ሰው ግን ብትነግረው ያለቅሳል፤ እያለቀሰ ይበላል። መናደድ እንኳ አልቻለችም፤ ልብስ አጥባ ስትጨርስ እንደሚሰማት ዓይነት ድካም ብቻ ነበር የተሰማት። ተነሣች። የናዙናን ቦርሳ አነሣች።

ማትሱያማ ከተማ ወዳለው እናቷ ቤት እንደሚሄዱ ተናገረች። ልጆቹ ቅዳሜ ስለ ተማሩ ሰኞ ትምህርት የለም፤ ከሰኞ በኋላ ያለውን ከሰኞ በኋላ ታስባለች። እማማ ሱሚዬ፣ በሙት ዓመት ቀን፣ በዚህ ቀን፣ ሲሉ ሰማቻቸው።

«አልተጣላሁህም» አለችው ባሏን። «ግን ይቺ ልጅ ማኘክ እስክትማር ካንተ ጋር አንድ ገበታ አትቀርብም። እኔም አልቀርብም።»

«እኔስ?» አለ፤ ጉንጩ አሁንም እንደ ተወጠረ ነው።

«አንተ ሐኪም ፈልግ። እስከዚያ እጅህን ጠብቅ። እኔ እስከ ዛሬ ጠብቄልሃለሁ።»

እስከ ባቡር ጣቢያ ያደረሰቻቸው ቶሞዮ ናት፣ በትንሿ ነጭ መኪናዋ። ዝናቡ በመጨረሻ ጀመረ። በመንገዱ ሁሉ የመስታወት መጥረጊያው ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጣቢያው በር ላይ ቶሞዮ ሞተሩን ሳታጠፋ ስትደርሱ ደውይልኝ አለች። ቺጉሳ ልታመሰግናት ስትጀምር፣ ኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋባቸውና ምስጋናው መንገድ ላይ ቀረ። መስኮቱ ሲዘጋ ቶሞዮ እያለቀሰች ይሁን ዝናቡ ይሁን ቺጉሳ አለየችም።

ምሳ አልበሉም ማለት ይቻላል። ጣቢያው ውስጥ የታሸገ ምግብ ከሚሸጥበት ሱቅ ቆሙ። ርካሹ እሽግ ሩዝና ዶሮ ነው፤ ቺጉሳ በልማድ ወደዚያ እጇን ዘረጋች፤ መለሰችው። ከላይኛው መደርደሪያ፣ በሮዝ ሣጥን፣ የከተማው የበዓል ሩዝ አለ፤ አንዱ ከሺህ የን በላይ ነው። በዚህ ከተማ ስትኖር ለእንግዳ ገዝታ ታውቃለች፣ ለራሷ ግን አንድም ቀን። ሁለት ገዛች። አንዱን ለናዙና፣ አንዱን ለራሷ። ሻጯ በአንድ ከረጢት ላድርገው ወይ ስትላት፣ ለየብቻ አለች።

ባቡሩ ግማሹ ባዶ ነው። በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ የፊት ጠረጴዛቸውን አወረዱ፣ ክዳኑን ከፈቱ። ናዙና ከመብላት በፊት እንደሚባለው «እበላለሁ» ብላ እጆቿን አጋጠመች፤ ቺጉሳም እንደዚያው። ባቡሩ ተነቃነቀ። የመኪና ማቆሚያዎች፣ የሩዝ ማሳዎች፣ የፋብሪካ አጥር ያልፋሉ። ሾፌሩ የሚቆምባቸውን ጣቢያዎች ስም በድምፅ ማጉያ ጠራ። ከዚያ ቺጉሳ፣ ልጄ ምን ያህል ቀስ ብላ እየበላች ይሆን ብላ ቀና አለች። የናዙና ሣጥን ባዶ ነበር። ግራ ክንዷ አሁንም በዙሪያው ነው። ቺጉሳ ልትናገራት አፏን ከፈተችና የራሷን ሣጥን አየች። አንዲት የሩዝ ፍሬ አልቀረችበትም። ቾፕስቲኩ በእጇ ነው። የገዛ ግራ ክንዷ ጠረጴዛው ላይ፣ በሣጥኑ ዙሪያ ታጥፏል። ባቡሩ ገና ከከተማው ዳርቻ አልወጣም።

ክንዷን ከጠረጴዛው አወረደች። ቦታ ያጣ ነገር ይመስል ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ» አለች ናዙና፣ «ምን ነበር የበላነው?»

ቺጉሳ ልትመልስላት ፈለገች። ምላሷን በአፏ ውስጥ አዟዟረችው፤ ትንሽ ኮምጣጤ፣ ትንሽ ስኳር፣ ሌላ ምንም። ከሮዙ ክዳን ጀርባ ጽሑፍ አለ። ገልብጣ ከሁለቱ መካከል አስቀመጠችውና፣ ራሳቸውን አጠጋግተው፣ እሷ በጣቷ እየመራች ናዙና እያነበበች፣ አንድ በአንድ ሄዱበት። ሽሪምፕ። የባሕር እባብ መሳይ ዓሣ። የሎተስ ሥር። የደረቀ እንጉዳይ። እንደ ክር የተቆረጠ ዕንቁላል። የቀርከሃ ቡቃያ።

«ቀርከሃ ነበረው?» አለች ናዙና።

«ነበረው ይላል» አለች ቺጉሳ።